ብሎግ ላይ የወጣው ማር

ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ብሎግ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ! ዛሬም ቦንጋ ገበያ ጭስ ጭስ የሚል ማር ሲሸተኝ የገዛ አፌን በጥፊ ማለት አማረኝ።

የልጄ ልጅ ሕይወት ተማሪ ናት። "እማማ፣ አስተማሪያችን ብሎግ ጻፉ ብሎናል። የልጅነትሽን አውሪኝ" አለችኝ።

"ማን ያየዋል?"

"አስተማሪው ብቻ።"

አወራኋት። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ጫካ ውስጥ የሰቀለውን ቀፎ የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን። እኔ ለጓደኛዬ አሳየኋት፤ ወንድሞቿ ማሩን ሙልጭ አደረጉት። አባቴ ባዶውን ቀፎ አሸተተና ወንድሜን ትክ ብሎ አየው። "ማሩንስ ንቦቹ ይመልሱታል" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ወንድሜን ግን ከዚያ ወዲያ ጫካ ይዞት ሄዶ አያውቅም። እኔም ጭጭ አልኩ፣ ለሕይወት እስካወራኋት ድረስ።

ሕይወት ከነስሜ ጻፈችው! መጨረሻው ላይ ደግሞ "ይህ የቤት ሥራ እውነት መናገር አስተማረኝ" ብላለች። በእኔ ገመና ተማረች! ለካ ብሎጉን ሁሉም ያየዋል፤ ዋጫ ከተማ ላለው ወንድሜ የልጅ ልጆቹ ከስልክ አነበቡለት። ገበያ በመጣ ቁጥር ሳያየኝ የማይመለሰው ሰውዬ፣ ይኸው ቀረ።

"ደብተርስ ይዘጋል፣ ይሄ ግን አይዘጋም! ከዳሽኝ!" ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ አለቀሰች።

ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ በአጥር በኩል ስትሰማ ቆይታ፣ "እሷን ተያት" አለችኝ። "ከዳሽኝ ማለት ያለበት ወንድምሽ ነው።"