በእርሳስ የተጻፈ ጤና

የማወራችሁን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሊገባ ሲል ፊታቸው ጎንበስ ብዬ እናዘዛለሁ። ሰው ማማቴን፣ ተማሪ ላይ መቆጣቴን፣ ሰንበት መሻሬን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ላጲሱ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ። «በላጲስ ማጥፋት ምን ኃጢአት አለው?» ብለው እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው ልበላችሁ? ውሸት ነው። የፈራሁት «ሂድና ንገራት» እንዳይሉኝ ነው። እናንተ ግን አታዙኝም። ለእናንተ የምናገረው ለዚህ ነው፤ ይሄም ራሱ ፍርሃት መሆኑን አላጣሁትም።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ፣ እዚሁ አሰላ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቻችን ሦስተኛ ዓመት ሲደርሱ ከኮምፒውተሩ ጎን አንድ ሌላ መስክ እንዲይዙ አደረግን፤ ጤና፣ እርሻ ወይም ቋንቋ። ከዚያ ትምህርት ክፍል ጥቂት ኮርሶች ይወስዳሉ፣ የመመረቂያ ሥራቸውንም ከዚያው ጋር አያይዘው ይሠራሉ። ወረቀት ላይ «የትኩረት መስክ» ይባላል፤ ልጆቹ ኮንሰንትሬሽን ነው የሚሉት። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከስብሰባ ስብሰባ እየዞርኩ የተከራከርኩለትም እኔ ነኝ። ዙሪያችን ስንዴና ገብስ፣ መሀላችን ሆስፒታል፣ አፋችን ላይ ሁለት ቋንቋ፤ ልጆቻችን ግን አይተውት ስለማያውቁት ሱቅ ፕሮግራም ይጽፋሉ እያልኩ እፎክር ነበር። አሁንም እንደዚያው አምናለሁ። ሐሳቡ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ልጆች ሰብስቤ «ወሬ ሰምታችሁ አትምረጡ፤ የራሳችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ምረጡ» አልኳቸው። ጥያቄ ያለው ይናገር ስል ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። ዘሃራ ትባላለች፣ የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት። እናቷ ስኳር አለባቸው፤ ለክትትል አሰላ ይመላለሳሉ። እናትም አባትም የቀጠሮ ካርዱን ማንበብ አይችሉም። ዘሃራ በሌለችበት መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ያስነብባሉ፤ አንዱ እንዲህ ነው ይላቸዋል፣ ሌላው እንዲያ። «ስልኩ ራሱ ቀኑን በኦሮምኛ ቢነግራት አይቻልም ወይ፣ መምህር?» አለች። እኔ ጠመኔዬን አስቀምጬ «ኮንሰንትሬሽን ማለት ይሄ ነው» አልኩ። በዚያ ቀን በጣም ወደድኩ፤ ራሴን ማለቴ ነው።

ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ በአማርኛ። ለምን በአማርኛ ብቻ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ለእኔ ስለሚቀለኝ ነበር። በእርሳስ ሙሉ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። በእስክሪብቶ ሲሞሉ እየሰረዙ እየደለዙ ወረቀት ይፈጁብኛል። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ካረጋገጣችሁ በኋላ በእስክሪብቶ ትደግሙበታላችሁ አልኩ። «በኋላ» ያልኩት ግን አልመጣም።

ፎርሞቹ ተሰበሰቡ። ጤና ከበቂ በላይ ሞልቷል፣ ቋንቋም ሞልቷል። እርሻን የመረጡት ሰባት ናቸው። የእፅዋት ሳይንሱ መምህር ደግሞ አስቀድሞ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ስምንት ካልሞላ ክፍሉን አይከፍትም። ልጆቹ እርሻን መሸሻቸው አይገርምም፤ ከማሳ ለመውጣት አይደል ኮምፒውተር የመረጡት? ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ዝርዝሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መግባት ነበረበት። አንድ ልጅ ጎደለኝ። ጤና ካሉት ውስጥ አንዱን ጠርቼ መለመን እችል ነበር። ለዲኑ «እርሻው አልሞላም» ማለትም እችል ነበር። ያን ሁሉ የፎከርኩለትን ነገር ተማሪ ለምኜ ልሙላው? አፈርኩ። መለመን አፈርኩ፣ መስረቅ ግን አላፈርኩም።

የዘሃራን ፎርም አወጣሁ። ለምን የእሷን? የገበሬ ልጅ ናት፣ ትችለዋለች አልኩ። ዝምተኛ ናት፣ አትከራከርም አልኩ። ሌላም ምክንያት ነበር፣ ለመናገር የሚያሳፍር። እርሳሷን አትጫንም። ጽሑፏ የሳሳ ነበር፣ በቀላሉ ይጠፋል። በላጲስ አጠፋሁት። «ጤና» የሚለውን አጠፋሁት። ፍርፋሪውን እፍ ብዬ ከወረቀቱ አባረርኩ። ሁለት ፊደል አጥፍቼ ሦስት ፊደል ጻፍኩ፤ እርሻ። የመጨረሻዋ «ሻ» ከሳጥኑ ትንሽ ወጣች። የእሷን እጅ ለማስመሰል እኔም እርሳሱን አልተጫንኩም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላየኝም። ዝርዝሩን አስገብቼ ወጣሁና ሻይ ጠጣሁ።

ሰኞ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ዘሃራ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ስሜ እርሻ ላይ ወጥቷል። እኔ የጻፍኩት ጤና ነበር» አለች። ፎርሙን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን አንስታ ብዙ አየችው። አሁን «ይሄ የእኔ ጽሑፍ አይደለም» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እንደዚያ ብትል እውነቱን አወጣ ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታልያለሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «እኔ የተማርኩት በቁቤ ነው፣ መምህር። ፊደል ላይ እሳሳታለሁ። አቀላቅዬው ይሆናል» አለች።

ቁቤ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። የዲክሲስ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ የምታነበው በእሱ ነው፤ የአማርኛውን ፊደል ኋላ ትደርስበትና እየተጠራጠረች ትጽፈዋለች። ቢሆንስ? ጤናን ከእርሻ ጋር ማን ያቀላቅላል? አንድ እንኳ የሚመሳሰል ፊደል አላቸው? ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ግን የመምህሯን እጅ ከምትጠረጥር የራሷን እጅ ጠረጠረች። እኔ ያላሰብኩትን ማምለጫ እሷው ከፍታ ሰጠችኝ። «ያጋጥማል» አልኳት።

ያጋጥማል። ላጲሱን የአንድ አፍታ ድካም ነው ብዬ አልፈው ይሆናል። ይህችን ቃል ግን ቀና ብዬ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ እንደ ደግ ሰው ነው ያልኳት። አመስግናኝ ወጣች።

በሳምንቱ አባቷ ኦቦ ቃሲም መጡ። ዝርዝሩን በር ላይ አስነብበው ኖሯል። ቆመው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «እርሻ እኛም ቤት አለ። ልጄ ምን አጥፍታ ነው ወደ እርሻ የመለሳችኋት?» አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳቅ አመለጠኝ። አስቀመጥኳቸውና አስረዳሁ፤ ኮምፒውተሩ እንዳለ ነው፣ የስንዴ በሽታ በስልክ መለየትን ትማራለች፣ ቅጣት አይደለም። ስብሰባ ላይ ከተከራከሩኝ ምሁራን ሁሉ እሳቸው ቶሎ ገባቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄስ ጥሩ ነው። እሷ ግን ጤና ብዬ ጻፍኩ አለችኝ። መልሳ ደግሞ ተሳስቼ ይሆናል አለችኝ። የጻፈችውን የማታውቅ ልጅ ነው ያስተማርኩት? ወይስ ራሷ ፈልጋ እኔን ደበቀችኝ? እርስዎ ይንገሩኝ» አሉ።

ወይ አላዋቂ ናት፣ ወይ ውሸታም ናት። ሦስተኛው መልስ እኔ ጋ ነበር። ሽማግሌው ሦስተኛ መልስ ፍለጋ ከዲክሲስ ድረስ የመጡ ይመስለኛል፤ ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር። እኔ ፎርሙን አሳየኋቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት አሳየሁ። «ጽሑፉ የእሷ ነው፣ ኦቦ ቃሲም» አልኩ። «ቶሌ» አሉ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከቋንቋ አንድ ልጅ በራሱ ፈቃድ ወደ እርሻ ተዛወረ። ዘሃራ ባትኖርም ስምንት ይሞላ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ልመልሳት እችል ነበር፤ ምን ብዬ?

ቀጥሎ የመጣውን ስነግራችሁ የእኔ ሥራ ነው ማለትም፣ አይደለም ማለትም አልችልም። ጤና የያዙት ልጆች ለልምምድ እዚሁ አሰላ ቀሩ። እርሻ የያዙት ዴራ ቆላው ድረስ ወርደው ሳምንታት ተቀመጡ። የዘሃራ እናት ቀጠሮ በዚያ መሀል ዋለ። ወትሮ ዘሃራ መናኸሪያ ጠብቃ ነው የምትወስዳቸው፤ ካርዱንም የምታነብላቸው እሷ ናት። ያን ጊዜ ያነበበላቸው ሰው ወሩን ተሳሳተ። ቀኑ ካለፈ በኋላ መጡ፣ ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ያኔ ደግሞ አጨዳ ደረሰና ቀሩ። ዓይናቸው ደከመ። አሁን ልጃቸውን የሚለዩት በድምፅ ነው። ስኳር ነው፣ ባይቀሩስ አይደክምም ነበር? ሐኪሙን በዘወርዋራ ጠይቄዋለሁ፤ ማወቅ አይቻልም አለኝ። ማወቅ አይቻልም። ሰው ጥፋቱን ለክቶ ቢያገኘው እንኳ አንድ ነገር ነው፤ እኔ የጥፋቴን መጠን እንኳ አላውቅም። ኦቦ ቃሲም ግን ለክተውታል፣ ልጃቸው ላይ። «ሁለት ፊደል ብታውቂ ኖሮ እናትሽ ዛሬ ታይሽ ነበር» አሏት። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ ቢሮዬ ተቀምጣ፣ እያለቀሰች። ውሃ ቀዳሁላት። ውሃ ነው የቀዳሁላት፣ ይታያችኋል?

ዘሃራ በጥሩ ውጤት ተመረቀች። ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ በስልክ ካሜራ የሚለየው ሥራዋ ተመሰገነ፤ የእሷ ሥራ ሲመሰገን እኔም አብሬ ተመሰገንኩ። ቀጠርናት። ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ትይዩ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ደብተር አውጥታ ፊደል ትጽፋለች፤ ሸ ሹ ሺ ሻ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። በአማርኛ የጻፈችውን ደብዳቤ ሁሉ ከመላኳ በፊት ወደ እኔ ታመጣለች። «ፊደሌን ይዩልኝ፣ መምህር» ትለኛለች። አያለሁ። አንድም ቀን ስህተት አግኝቼባት አላውቅም። ለአዲስ ተማሪዎች ጤና ጽፌ እርሻ የሆነብኝ ልጅ ነኝ ብላ በራሷ ታስቃቸዋለች፤ ይስቃሉ፣ እኔም እንዳልለይ እስቃለሁ።

ብነግራት ምን እጨምርላታለሁ እላለሁ። የእናቷን ዓይን አልመልስ፤ በዚያ ላይ ሥራዋን ትወደዋለች። ሰበብ ነው። የገዛ እጇን ማመን ልመልስላት እችላለሁ፤ ከአባቷ ጋር ያላትን ነገር ልመልስላት እችላለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈጀው። ጠዋት ጠዋት አፌን እከፍታለሁ፤ «ትክክል ነው» ብዬ እዘጋለሁ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት እዚያ ማዶ ተቀምጣለች፣ አምስት እርምጃ ናት፣ አልሄድኩም።

በዚህ ሳምንት የዘንድሮውን የትኩረት መስክ ፎርም እሷ አዘጋጀችው፣ በሦስት ቋንቋ። ከላይ «በእስክሪብቶ ብቻ ይሞላ» ይላል። ከታች ደግሞ «የጻፉትን ከማስገባትዎ በፊት ለጓደኛዎ ያንብቡለት» ይላል። ይሄ ለምን አስፈለገ አልኳት፤ እኔ ነኝ የጠየቅኋት። «እንደ እኔ ፊደል የሚያቀላቅል እንዳይኖር ነው» አለችና ፈገግ አለች። «አማርኛውን ይዩልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ስህተት የለውም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ግን አላመነችም። ተቀምጣ ጣቷን «ጤና» ከሚለው ሥር አደረገችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለቱን ፊደል እንደገና አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።