የአምባው ይቅርታ ጠያቂ

ሽማግሌውን እሑድ እሑድ የአምባውን ደረጃ በቀርከሃ መጥረጊያ ሲጠርጉ አገኛቸዋለሁ። የጫማቸው ተረከዝ አልቋል፤ ነጭ ጓንታቸው ግን ሁሌም ንጹሕ ነው። ጎብኚዎች እያለከለኩ ይደርሱና፣ «ቤተ መንግሥቱ የታለ? ይሄን ሁሉ ዳገት የወጣነው ለድንጋይ ክምር ነው እንዴ?» እያሉ ይነጫነጫሉ። እሳቸው ታዲያ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ እየነሱ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ይላሉ።

እኛ ጃፓኖች እግራችንን ለረገጠንም ሰው ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የእሳቸው ግን በዛብኝ። ዛሬ ቱግ አልኩ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን አጠፉና ነው?»

መጥረጊያቸውን ሳያቆሙ፣ «ቤተ መንግሥቱን፣ ድሮ መንግሥት ሲሸጠው ለእንጨቱ ብሎ ገዝቶ ያፈረሰው ቅድመ አያቴ ነው» አሉኝ። «እኔም በእንጨቱ በሠራው ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ጣሪያው እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አፍስሶ አያውቅም።»