ጠምደን ያየነው ስልክ

በኢሕአዴግ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ስማርት ስልክ ቡሬ ገበያ ላይ እንደ ጉድ በሚሸጥበት ሰሞን የሆነ ነው። አዲስ ስልክ ወጣ በተባለ ቁጥር ያ ንዴቴ ዛሬም ይነሣብኛል።

እህቴ ከገበዝ ማርያም ራቅ ባለ መንደር ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ጠራሁ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ መንገዱን አላውቀውም። መገንጠያው ጋ ስደርስ እደውላለሁ፤ ከዚያ ይመሩኛል» አለኝ።

ቡሬ ገበያ የገዛሁትን አዲሱን ስማርት ስልኬን ጠዋት ከከተማ ሳልወጣ ሞልቼው ነበር። ቀትር ሳይሆን ባትሪው አልቆ ተዘጋ። በመንደሩ መብራት የለም። የሚደወልበት የጎረቤት ስልክ አልታጣም፤ የሾፌሩ ቁጥር ግን ከእኔው ስልክ ጋር ሞቷል። የመንደሩ ሰው እህቴን በቃሬዛ ተሸክሞ እየሮጠ መገንጠያው ጋ ሲደርስ፣ ሾፌሩ መኪናውን ለመመለስ እያዞረ ነበር። «ብደውል፣ ብደውል ዝግ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ።

እህቴም ልጇም ተረፉ። ያተረፋቸው የሰው ትከሻ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ስልኩን ይዤ ወደ ሻጩ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስማርት ስልክ እኮ ነው። ስክሪኑ ባትሪ ይበላል። ሁሉም እንዲህ ነው» አለኝ።

«ሁሉም እንዲህ ከሆነ ሁሉም ጥፋተኛ ነው። እኛ አገር በሬ ሲገዛ ተጠምዶ ይታያል፤ እርሻ ላይ ከተኛ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህን ሞልተህ ክፈተው። እኔም እዚሁ እቀመጣለሁ።»

«በሬና ስልክ አንድ ነው እንዴ?»

«በሬው ይሻላል። ቢያንስ እስከ ቀትር ያርሳል።»

ገበያተኛው ሳቀ። ስልክ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ግን አልሳቀም። «እውነታቸውን ነው። እኔም ሳላይ አልገዛም» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌሎችም ቆሙ። ሻጩ በሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም፤ ስልኩን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው።

ገበያው ሳይበተን ባትሪው አልቆ ስክሪኑ ጨለመ። «ተኛ!» አለ ገበሬው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሻጩ ገንዘቤን መለሰልኝ።

ከወራት በኋላ ሻጩ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ወቀሰኝ፦ «ጋሼ፣ ገዢው ሁሉ ጠምደን እንየው ይለኝ ጀመር።» ደስ አለኝ፤ አልደበቅሁትም።

ፋብሪካዎቹ ዛሬም ስልኩን ያቀጥኑታል፣ ካሜራ ይደራርቡበታል። ማን ጠየቃቸው? ይወፍር፤ ኪሴን ይቅደደው። ጠዋት ይዤው የወጣሁት ስልክ ማታ ቤቴ እስክገባ ይሥራ። ይህን መጠየቅ ኋላ ቀርነት ከሆነ፣ ኋላ ቀር ነኝ።