ያልተነፋው ፊሽካ

ወንድሜ ባቡር ነጂ ነበር። “ነበር” የሚለውን ቃል እሱ ፊት አልናገረውም። አሮጌው ባቡር ቆሞ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከተዘረጋ በኋላ እንኳ፣ ሥራህ ምንድን ነው ለሚለው ሰው ሁሉ መልሱ “ባቡር ነጂ ነኝ” ነው። አዲሱ ባቡር ላይ ለመቀጠር ሄዶ ዕድሜህ አልፏል ብለው መልሰውታል። ከዚያ ወዲህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የወላጆቻችን ቤት በረንዳ ላይ ሽርጡን አገልድሞ፣ ወንበሩን ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ወደ ለገሃር አዙሮ ይቀመጣል። ለገሃሩ ከበረንዳችን አይታይም፤ ዛፍና የሰው ጣሪያ ይከልለዋል። እሱ ግን አቅጣጫውን ያውቀዋል።

እኔ ታናሽ እህቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ለሥራ ስወጣ መስታወቷን የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ጢሙን ሲላጭ አገኘዋለሁ። በየቀኑ ይላጫል። የትም የማይሄድ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ መላጨቱ ለምን እንደሚያናድደኝ አላውቅም፤ ግን ያናድደኝ ነበር። አንጀቴን ይበላኝ ነበር ብል ግማሹ ውሸት ነው። ስደክም ውዬ ስገባ ያንን ሰው እዚያው ወንበር ላይ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ሳገኘው፣ ወንበሩን ከነሰውየው አንስቼ መንገድ ላይ ማውጣት ያምረኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የስልክ ቻርጀር ልገዛ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገባሁ። የገባሁበት ሱቅ ባለቤት የድሮው የለገሃሩ ሹም ነው፤ ባቡሩ ሲቆም ቻርጀርና ማዳመጫ መሸጥ ጀመረ። ከመደርደሪያው ጫፍ በካርቶን የታሸገ ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር አየሁ። ሎኮሞቲቭ፣ ጥቂት ፉርጎዎች፣ እየተገጣጠመ ዙሪያ የሚሆን ሐዲድ፣ ከነትራንስፎርመሩ። ልጅ እንደሌለኝ ስለሚያውቅ ለማን ነው አለኝ። ለወንድሜ ነው አልኩት። ሌላ ጊዜ ምላሱ የማያርፍ ሰው በፌስታል እስኪከትልኝ ድረስ ዓይኑን ከካርቶኑ ላይ አላነሳም። ነገሩ ገርሞኝ ወጣሁ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ወንድሜ ከዚያ ወንበር ይነሳልኝ። እጁ የሚይዘው ነገር ካገኘ ይነሳል ብዬ አመንኩ። ተነቅሎ የተቀመጠውን አሮጌ የወጥ ቤት በር ሁለት በርሜል ላይ አጋደምኩና በላዩ ኮምፔንሳቶ መታሁበት። ቦታው የወላጆቻችን መኝታ ክፍል ነው፤ ከሞቱ ወዲህ ማንም አይተኛበትም። መጀመሪያ ዞር ብሎም አላየኝ። ሐዲዱን እንደ መጣልኝ ስደረድር ግን መቃኑ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለገሃር እንዲህ አይደለም አለኝ። የጅቡቲው ሐዲድ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ወደ ባቡር መጠገኛው ጋራዥ የሚሄደው በየት እንደሚገነጠል በጣቱ አሳየኝ፤ ከዚያ ጣት ማሳየቱ አላረካው ብሎ ቁጭ አለና ሥራውን ከእጄ ወሰደው። የውሃ ታንከሩን ከወተት ጣሳ፣ ለገሃሩን ከጫማ ካርቶን ሠራ። መስኮቶቹን በምላጭ አንድ በአንድ ከፈታቸው። ያን ሰሞን ከሥራ ስመለስ በረንዳው ባዶ ሆኖ ሳገኘው ደስ ብሎኝ በር ላይ እቆም ነበር።

የተጣላነው በሐዲዱ መገጣጠሚያ ነው። አንድ ቀን ስገባ የእያንዳንዱን ሐዲድ ጫፍ በሞረድ ሞርዶ፣ በመሃላቸው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ትቶ በምስማር መትቶታል። ምን አደረግክ ስለው ዕድሜ ልኬን እዚህ ያልኖርኩ ይመስል አየኝ። ብረት በድሬ ሙቀት ያብጣል፤ ቦታ ካልተውሽለት ተጣሞ ባቡር ይጥላል አለኝ። የእሱ ባቡር ሞተሩንም ነዳጁንም ተሸክሞ እንደሚሄድ፣ ሐዲዱ መሄጃው ብቻ እንደሆነ፣ ይህኛው ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሐዲዱ ስለሆነ ሐዲዱ ተቆረጠ ማለት ሽቦው ተቆረጠ ማለት መሆኑን አስረዳሁት። አልሰማኝም። ሶኬቱን ሰካሁና ሎኮሞቲቩ ትንሽ ተንቀሳቅሶ የመጀመሪያው ክፍተት ላይ ቀጥ አለ። ወንድሜ ያቆምኩት እኔ የሆንኩ ያህል ገላመጠኝ።

አልተከራከርኩም። ካውያዬን አሙቄ በየክፍተቱ ሥር፣ ሐዲዱን ከሐዲዱ የሚያገናኝ አጭር ሽቦ በእርሳስ በየድኩ። ብረቱ ቢያብጥም ቢሰበሰብም እንዳይበጠስ ሽቦውን ላላ አደረግኩት። መብራቱ እንደ ልማዱ መሃል ላይ ሲጠፋ ካውያው ይቀዘቅዛል፤ ሲመጣ እንደገና አሞቃለሁ። በቴስተር ከዳር እስከ ዳር ለካሁት፤ ኤሌክትሪኩ ያልፋል። የእሱ ክፍተት እንዳለ፣ የእኔም ሽቦ ከሥሩ ተደብቆ። በቤታችን ታሪክ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ላይ ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። ወንድሜ ሽርጡን ትቶ ሱሪ ለብሶ መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ፊቱ እንደ ሁልጊዜው ተላጭቷል። ወንበር ስቦ የፍጥነት ማዞሪያው ላይ እጁን አሳረፈ። ሎኮሞቲቩ ከነፉርጎው ለገሃሩ ፊት ቆሟል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ልቀርጽ ተዘጋጀሁ። አላዞረውም። ቆይቼ ቆይቼ ስልኬን አወረድኩና ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅኩት።

“ሹሙ አልወጣም” አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። እየቀለደ አልነበረም። የጅቡቲው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው፤ ከወዲያ በኩል የሚመጣ ይኑር አይኑር ነጂው አያውቅም። የሚያውቀው የለገሃሩ ሹም ስለሆነ፣ ሹሙ ወጥቶ አረንጓዴ ባንዲራ አንስቶ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ነጂ ንቅንቅ አይልም፤ መንገደኛ ቢጮህም አይልም። እኔ ልንፋልህ ብዬ በከንፈሬ አፏጨሁ። “አንቺ የኤሌክትሪክ ሰው ነሽ” አለኝና እጁን ከማዞሪያው ሳያነሳ የመጨረሻውን ቀን ነገረኝ። በማለዳ ፉርጎዎቹን ቀጥሎ፣ ሞተር አስነስቶ ተቀምጧል። መንገደኛው ተሳፍሯል። ሹሙ አይወጣም። ፀሐይዋ ስትበረታ መንገደኛው ጓዙን እያወረደ አንድ በአንድ ሄደ። ወንድሜ እስኪመሽ ተቀምጦ፣ ሞተሩን ራሱ አጥፍቶ ወረደ። በማግሥቱ የለገሃሩ በር ተቆልፏል። ተዘግቷል ብሎ የነገረው ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንድም ቀን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ወንበሩ ለምን ወደዚያ እንደዞረ ያኔ ገባኝና ባጃጅ ይዤ ታይዋን፣ ሹሙ ሱቅ ሄድኩ።

ሹሙ አላስቸገረኝም። እንደምትመጪ አውቄ ነበር ብሎ ከመሳቢያው፣ ከኬብል ሥር፣ ፊሽካውን አወጣ። ባንዲራ አልነበረውም፤ አረንጓዴ ሻሼን ፈትቼ ሰጠሁት። ቤት ስንደርስ ወንድሜ ተነስቶ ቆመ። ድሬ ውስጥ ሰው ሰውን ሳይጨብጥ፣ ሳይሳሳቅ አይገናኝም። እነዚህ ሁለቱ አልተጨባበጡም። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ከተማ ሲሸሻሹ መኖራቸውን ያየሁት እዚያው ቆሜ ነው።

“ሳልነፋ የምነግርህ አለ” አለ ሹሙ። “ያን ቀን ባቡር እንደማይወጣ አውቅ ነበር። ወላሂ፣ ቀደም ብለው ነግረውኛል። ለሠራተኛው እንዳትናገር፣ ግርግር ይነሳል አሉኝ።”

“በመስኮት ታየኝ ነበር?”

“አይህ ነበር አቦ። በኋላ መጋረጃውን ዘጋሁት።”

ወንድሜ ተቀመጠ። የካርቶኑን ለገሃር፣ በምላጭ የከፈታቸውን መስኮቶች አየ። ከዚያ ንፋው አለ። ሹሙ ሻሼን ከፍ አድርጎ ነፋ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ጆሮ ይበሳል። ወንድሜ ማዞሪያውን ቀስ ብሎ አዞረ። ሎኮሞቲቩ ወጣ፤ ክፍተቶቹን አንድም ቦታ ሳይቆም እየረገጠ፣ የወተት ጣሳውን ዞሮ፣ በጋራዡ በኩል ተመለሰ። ለገሃሩ ፊት፣ ከተነሳበት ቦታ ላይ ልክክ አድርጎ አቆመው። ተነስቶ ሶኬቱን ነቀለ።

“ይኸው፣ ተነዳ” አለና ወጣ።

ሹሙ ዓይኑን በሻሼ ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም። ዛሬ ታይዋን ሳልፍ ከሩቅ በስሜ ይጠራኛል፣ ሻይ ጠጪ ይለኛል፣ እንደ ድሮው ያወራል። ቀሎታል። ለወንድሜ ብዬ ያመጣሁት ፊሽካ ሹሙን ሸኘው።

ወንድሜ ወደዚያ ክፍል ተመልሶ አልገባም። እሑድ እሑድ ኮምፔንሳቶው ላይ ያረፈውን አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ። ሽቦዎቹን ለካኋቸው፤ አንዱም አልተበጠሰም። አንዳንዴ በሩን ዘግቼ ባቡሩን አንድ ዙር እነዳዋለሁ፣ ፊሽካ የሚነፋ ሳልጠብቅ። በረንዳው ላይ ወንድሜ አሁንም አለ፤ ወንበሩን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮታል። መጠበቁ በሽታው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳው እሱ ኖሯል። መስታወቷ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለች ናት። አይላጭም።