ድርሰቴ መርዶ የሆነበት ጠዋት

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ የሰሜኑ ጦርነት ወጣቱን ከየመንደሩ እየለቀመ በሚወስድባቸው ዓመታት ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ ይህ ግን አልጠፋም። ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ወደ ቤቴ እየመጡ «ጋሼ፣ ገጸ ባሕርይ እንዴት ነው የሚፈጠረው?» ብለው በጠየቁኝ ቁጥር በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው በአምባሰል ያለ አንድ የጭቃ አዳራሽ ነው።

በዚያን ጊዜ በሐይቅ ከተማ የአማርኛ መምህር ነበርሁ። በዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አጥንቻለሁ፤ አጫጭር ልብ ወለዶችም እጽፍ ነበር። አጻጻፌ ሥርዓት ነበረው። ከራሴ የማፈልቀው ጥቂት ነው። የአንዱን አረማመድ፣ የሌላውን አነጋገር፣ የሦስተኛውን ቁጣ ወስጄ በአንድ ሰው ላይ እሰፋለሁ፤ ስሙን ብቻ እኔ አወጣለሁ። ጽፌ ስጨርስ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ዓይናቸው ወደ በሩ የሄደበትን ቦታ እሰርዛለሁ። ከእነርሱ የተሻለ ሐያሲ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አንድ ቀን አንድ የትምህርት ኃላፊ አስጠራኝና በመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች የሚነበብ አጭር ታሪክ እንድጽፍ አዘዘኝ። «ጀግና ወታደር ይሁን» አለ። «መጨረሻ ላይ ይሰዋ። ግን አድማጩ እንዲወደው አድርገህ ጻፈው።» በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ትእዛዝ እምቢ አይባልም።

ወታደሩን እንዲወደድ የሚያደርገውን ነገር ስፈልግ ሰነበትሁ። ያገኘሁት በሐይቁ ዳር ባለች ሻይ ቤት ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ተሰብስበው ስለ አንድ የቀድሞ ባልደረባቸው ያወራሉ።

«ያ ጉደኛ! መረቡን ጎትቶ ሲያወጣ ዓሣውን ሁሉ አፉ በለኝ፣ አፉ በለኝ ይለዋል እኮ!»

«ቀምሶትስ ያውቃል? ስንጠብስ አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል።»

«እንዲህ ከሆንህ ሼኽ ሁን እንጂ ዓሣ ምን ያሰግርሃል አልሁት። ሼኹም የበግ ሥጋ ይበላል አይለኝም!»

ተሳሳቁ። «አፉ በለኝ» በወሎ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የሚያወሩት ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስሙን ካወቅሁት ሰውየው በወረቀት ላይ እንደ ልቤ አይታዘዝልኝም። ዕለቱን መጻፍ ጀመርሁ፦ ዓሣን ይቅርታ የሚጠይቅ ወጣት ጠመንጃ ይዞ ወደ ሰሜን ይዘምታል፤ ከአንድ ተራራ ሥር ይወድቃል።

ለሙከራ የመረጥኋት ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት። ትምህርቱ ዘወትር የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነበር። አጨዳ ስለደረሰ ግን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ንባቡን ወደ ማለዳ አዛወረው። አዳራሹ እንዲሞላለትም ሽማግሌዎቹን ጠራ። ስደርስ ከሙስሊሞቹ አያ ይማም፣ ከክርስቲያኖቹ አቶ ተገኘ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔም ለብርዱ ጥቁር ካፖርቴን ደርቤ ነበር።

ከኋላ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ እጇን ከጆሮዋ አስጠግታ ለመስማት ስትጣጣር አየሁ። ዘሀራ እንደምትባል በኋላ ነው ያወቅሁት። «እትዬ፣ ወደ ፊት ይምጡ፤ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ይቀመጡ» አልኋት። መጣች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። በዚያ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። ልጅ የሞተባትን እናት ሽማግሌዎች በማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሰው በተሰበሰበበት ከአጠገባቸው ያስቀምጧታል። ስለ ሌላ ሰው ሞት እያወሩ ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ያደርሷታል። የልጇ ስም አይጠራም። እሷው ራሷ ስትደርስበት ነው ነገሩ የሚያበቃው።

ማንበብ ጀመርሁ። ስለ ሐይቁ ሳነብ ፊቷ ፈካ። ወጣቱ ዓሣውን «አፉ በለኝ» ሲለው ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ዘሀራ ግን አልሳቀችም። ዓይኗን ወደ አያ ይማም አዞረች፤ ከእሳቸው ወደ አቶ ተገኘ፤ ቀጥሎ ወደ ካፖርቴ። አንድም ሰው ወደ በሩ አይመለከትም ነበር። ጽሑፌ ያዛቸው ብዬ ደስ እያለኝ ቀጠልሁ።

ወታደሩ ሲወድቅ ዘሀራ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች።

«በቃ፤ ደርሼበታለሁ» አለች ዝግ ብላ። «መምህሩን አታድክሙት። ሰይዴ ሞቷል በሉኝ።»

ወዲያው ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ግንባር ያለው የእሷ ልጅ ብቻ አልነበረም።

«ኧረ የለም! ድርሰት ነው! ድርሰት!» እያልሁ ብጮኽም የሚሰማኝ አልተገኘም። አያ ይማም ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ማን ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም፣ አባቴ። ከልቤ ያወጣሁት ታሪክ ነው። ሰይድ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ዘሀራ ደረቷን መምታት አቁማ ወደ እኔ መጣች። «ከሕፃንነቱ ዶሮ ሲታረድ እንኳ አፉ በለኝ ሳይል አያልፍም ነበር። ይህን ከልብህ አወጣኸው?»

ዓሣ አስጋሪዎች ሲያወሩ ሰምቼ እንደሆነ ነገርኋት።

«እነሱስ ምን ብለው አነሡት?»

«በፍቅር ነው ያነሡት፣ እትዬ። እየሳቁ።»

«ወላሂ፣ በቁሙ እንዲህ የተወደሰ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። «እንዲህ የሚወደሰው የሞተ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ጥግ ጎተተኝ። «ጓድ መምህር፣ ምን ጉድ ነው ያመጣህብን? ያለ መንግሥት ቃል ለቅሶ መቀመጥ ወሬ መንዛት ነው ይባላል። እሷንም እኔንም ያስበላናል!»

አቶ ተገኘ ነገሩን አበረዱት። «በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው» አሉ። «ዘሀራን ለጊዜው እኛ እንያዛት። አንተ ያነበብህ ሂድና የልጁን ቁርጥ አምጣልን።»

ሄድሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ስለ ሰይድ እንደሚያወሩ አረጋገጡልኝ፤ ከዘመተ ወዲህ ግን ወሬውን የሰማ አልነበረም። «ምነው፣ ምን ሆነ?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። ከእነርሱ ወደ አንድ የጦር ጽሕፈት ቤት አመራሁ። መኮንኑ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አንተ ለልጁ ምኑ ነህ?»

ደራሲው ነኝ አይባል ነገር።

«ምኑም አይደለሁም» አልሁ።

«እንግዲያው ምን አገባህ? ከሞተ ለቤተ ሰቡ ይነገራል።»

ባዶ እጄን ወደ አምባሰል ስመለስ ሽማግሌዎቹ ሊይዟት ያልቻሉት ዘሀራ ያላትን ፍየል አሳርዳ ለሰደቃ ትሰናዳ ነበር። ሊቀ መንበሩ በበላይ ሲጠየቅ የዝናብ ዱዓ ነው ሊል አስቦ ነበር አሉ። አያ ይማም ናቸው የከለከሉት። «እህሉ ሜዳ ላይ ታጭዶ ተኝቶ ዝናብ የለመነ አገር ብለው ይሳቁብን? የመኸር ምስጋና ነው በል።» በዚያ ሐዘን ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ፈገግ ሲል አይቻለሁ።

«ቁርጡን አመጣህ?» አለችኝ ዘሀራ።

«አላገኘሁም፣ እትዬ።»

«እኔ ግን ቁርጤን ይዣለሁ። ግባና ብላ።»

ገባሁ። ይሙት ይኑር ስላልታወቀ ሰው የተዘጋጀውን ሰደቃ በላሁ። አያ ይማም ለሰይድ ነፍስ ሲለምኑ አቶ ተገኘም እጃቸውን ዘርግተው አሜን ይሉ ነበር። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

ኃላፊው የሆነውን ሲሰማ ተደሰተ። «አለቀሱ? ግሩም ነው! ይባዛ» አለ። ዓሣ አስጋሪውን አውጥቼ ልለውጠው ጊዜ ስጠኝ አልሁት። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ አደረግሁት፤ የአንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ እናት ታየችኝ። ሸማኔ አደረግሁት፤ የሸማኔው እናት መጣች። ከሰው ያልወሰድሁትን ባሕርይ ብሰጠው ደግሞ እንጨት ሆነ። በመጨረሻ አልቻልሁም ብዬ መለስሁለት። ሥራው ለሌላ መምህር ተሰጠ። የዚያን መምህር ወታደር በአንድ ጣቢያ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ ሲሞት ማንም ቅንድቡን አላነሣም። በሰላም አደመጥሁት።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥቱም ወደቀ። የተበተነው ጦር ተጎሳቁሎ፣ እግሩ ቆስሎ፣ በውጫሌ መንገድ ወደ ደቡብ ጎረፈ። ለዘሀራ መንደርም ጥቂቶች ተመለሱላት። ሰይድ አልነበረም። ስለ እሱም ሆነ ስለቀሩት ቃል የተናገረ አካል የለም። እናቶች መንገድ ዳር ቆመው ያለፈውን መኪና ሁሉ ሲመረምሩ ይውላሉ። ዘሀራ ብቻ ማሳዋ ላይ ነበረች።

በዚያው ሰሞን እትዬ የሺ የምትባል የመንደሯ ሴት ሐይቅ ድረስ መጥታ በሬን አንኳኳች። ልጇ ከሰይድ ጋር የዘመተ ነው። በየዓመቱ ግሸን እየወጣች ለማርያም ስትሳል የኖረች ሴት ናት። በበሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ስለ ልጇ አንድ በአንድ ታጫውተኝ ጀመር፦ ምን እንደሚያስቀው፣ ሲተኛ እንዴት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማንን ሊያገባ አስቦ እንደነበር።

«ይህን ለምን ይነግሩኛል፣ እትዬ?»

«ጻፈውና አንብብልኝ» አለች። «በማለዳ እመጣልሃለሁ። እህል አልቀምስም።»

ደነገጥሁ። «መሞቱን ሳላውቅ እንዴት ብዬ?»

«የዘሀራንስ አውቀህ ነበር?»

መልሴን ጥቂት ጠብቃ ተነሣች፤ «እንግዲህ ማርያም ታውቃለች» ብላ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት መንገድ ዳር ስትቆም የውጫሌ ተሳፋሪዎች ያዩዋት ነበር። ሞቷን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ዛሬ ሸምግያለሁ። ላነብላት ይገባኝ ነበር ወይስ አይገባኝም የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳወጣሁት እንዳወረድሁት እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንዱን ቀን ይገባኝ ነበር እላለሁ፣ በማግሥቱ አይገባኝም ነበር ብዬ እተወዋለሁ። ልጇን ግን እንደ ነገረችኝ ሁሉንም አስታውሰዋለሁ፤ ሳቁን፣ አተኛኘቱን፣ የልጅቷን ስም ጭምር። ከጻፍኋቸው ሰዎች ሁሉ ይልቅ ሙሉ ሆኖ የተቀመጠው እሱ ነው። ጽፌው አላውቅም፤ እዚህም አልጽፈውም።