ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ፎቶ

አጎቴ በደርግ ጊዜ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። የካሜራ ፊልም እንደ ስኳር በጠፋበት በዚያ ዘመን፣ ባሕሩን ትተው አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኝተው የበረሃ ቁጥቋጦ ፎቶ ያነሱ ነበር። አንዱን አሳጥበው ኮልፌ፣ ሳሎናችን ውስጥ ሰቀሉት። ከሠርጉና ከምርቃቱ ፎቶ ጋር ሳይሆን ከወንበራቸው አጠገብ፣ በጉልበት ልክ።

ታናሽ እህታቸው እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታፍር ነበር። «ኧረ ከፍ ያድርጉት፣ ሰው ምን ይላል?»

«ጎንበስ ብለሽ እዪው» ይሏት ነበር። «እሾሁ መሃል አበባ አለ። ሰው ቆሞ አያየውም።»

አንድም ቀን ጎንበስ ብላ አታውቅም።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ባዶውን ወንበራቸውን ላነሳ ስገባ፣ እናቴን መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ፎቶውን ከፍ አድርጌ ልስቀለው?» አልኳት።

«ተዪው» አለች፣ አበባውን በጣቷ እየነካች። «ከዚህ ነው የሚታየው።»