እንኳን ደስ አለሽ የተባለበት ደም

እናቴ መጀመሪያ ያየችው ሁለት ጠብታ ነው። ከወሎ መጥተን አሶሳ በሰፈርን በሁለተኛው ክረምት፣ የጋራ ማሳው ላይ በቆሎ ስታርም ውላ ስትገባ ቀሚሷ ላይ አገኘችው። በር ላይ ወጥታ በብርሃን አየችው። ከዚያም ሳቀች።

መሳቋ ለሌላ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ መንደር ግን ምክንያት ነበረው። በረሃቡ ጊዜ ገላቸው ለራሱም የሚበቃ ምግብ ስላልነበረው የብዙ ሴቶች የወር አበባ ቆሞ ነበር። አሶሳ ከገባን በኋላ ራሽን ተሰጠን፣ በቆሎውም ደረሰ፤ የአንዷም የሌላዋም ደም ተመለሰ። ደሟ ለተመለሰላት ሴት ጎረቤቶቿ ገንፎ ያገነፉላታል። ቅቤ ስላልነበረ የራሽን ዘይት አናቷ ላይ ጠብ አድርገው "እንኳን ደስ አለሽ" ይሏታል። ሞት ከደጃችን እንደራቀ የምናውቀው በዚህ ነበር። ስለዚህ ለእናቴም ተገነፋላት። እኔም ከገንፎው በልቻለሁ። እናቴ ያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዓመት አልፏት ነበር።

ደሙ ሳምንት ቆየ። ቆመ። ተመለሰ። ዝናቡ ሲያባራ በየቀኑ ሆነ።

ከአቅራቢያችን የበርታ ብሔረሰብ መንደር ባሚያና ማንጎ ይዛ የምትመጣ ሐዋ የምትባል ነጋዴ ነበረች። ወንዙን በተሻገረች ቁጥር እናቴን ጨርቅ ስታጥብ ታያታለች። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የምትለው።

"ከድጃ፣ አንተ በየቀኑ ጨርቅ ታጥባለህ" አለቻት አንድ ቀን። "ቤት ሕፃን የለም። ቁስል የለም። ደም ከየት መጣ?"

"ወጣትነቴ ተመልሶ ነው። ይልቅ ባል ፈልጊልኝ!" አለች እናቴ።

"ባል ተወው። ሐኪም ፈልግ። የኔ አክስት ትልቅ ሰው ነው፣ እንዲህ ደም መጣ። ሳቀ። እንዳንተ ሳቀ። ወላሂ፣ ዓመት አልሞላም፣ ቀበርን።"

እናቴ ጨርቁን ጨምቃ ተነሣች። ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ነገር ስትቀልድ አልሰማኋትም።

ከመንደር ወደ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን የሚሰጠው የመንደሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ሕመሙ ምን እንደሆነም ይጠይቃል። ሊቀ መንበሩ በዕድሜ ልጇ ይሆናል። እንዴት ብላ ትንገረው? "ሆዴን" አለችው። "የሆድ ሕመም" ብሎ ጻፈ። ክሊኒክ ስንደርስ ሕክምና የሚሰጠው ድሬሰር ወረቀቱን አንብቦ "ሆድዎን ነው?" አላት። "አዎ" አለች። የትላትል ኪኒን ሰጣት። አጠገቧ ቆሜ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ አውቅም ነበር። ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታ ሁለት ወር አለፈ።

ከዚያ የራሽን ሰልፍ ላይ ወደቀች።

በትራክተር ተሳቢ ጭነው አሶሳ ሆስፒታል አደረሱን። ዶክተሩ "የሆድ ሕመም" የሚለውን ወረቀት አየና ሆዷን መጫን ጀመረ። ከንፈሯ ነጭ ነበር። ያን ጊዜ ተናገርኩ።

"ዶክተር፣ ሆዷን አይደለም። ደም ነው የሚፈሳት። ከማሕፀኗ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እማማ፣ የወር አበባዎ የቆመው መቼ ነው?"

"በረሃቡ ነዋ፣ እንደ ሰዉ።"

"ረሃቡ ከገባ በኋላ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?"

በጣቷ ቆጠረች። "ትልቋን ልጄን በዳርኩ ጊዜ…" አለችና ቆመች። እህቴ የተዳረችው ዝናብ ከመቅረቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

"እንግዲያው የእርስዎን ያቆመው ረሃቡ አይደለም፤ ዕድሜ ነው" አላት። "ረሃብ ያቆመው እህል ሲገኝ ይመለሳል። ዕድሜ ያቆመው አይመለስም። ዓመት ሙሉ ቆሞ ደም ከታየ፣ ጠብታም ቢሆን፣ ምክንያቱ መታወቅ አለበት።"

ከማሕፀኗ ውስጠኛ ሽፋን፣ ኢንዶሜትሪየም ከሚባለው፣ ጠርጎ ናሙና ወሰደ። አሶሳ ናሙና የሚመረምር ሐኪም፣ ፓቶሎጂስት፣ አልነበረም። ናሙናው እንዳይበላሽ ፎርማሊን ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። በጠርሙሱ ላይ ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ደሙ ግን አልጠበቀንም።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ሁለታችንንም አስቀመጠን።

"እማማ፣ እርስዎ በቆሎ ያውቃሉ። አንዳንዴ ቡቃያው ከልክ በላይ ይበዛል፣ በቆሎነቱን ግን አይለቅም። በማሕፀን ሽፋን ላይ ሲሆን ሃይፐርፕሌዥያ እንለዋለን፤ ካንሰር አይደለም። አንዳንዴ በዝቶ መልኩም ይለወጣል፤ ኤታይፒያ አለው እንላለን። ይህ ከተተወ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛው አረም የሆነው ነው። እሱ ካንሰር ነው።"

"የኔስ?"

"ሦስተኛው ነው።"

እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዞ ነበር።

"ግን አረምም ዓይነት አለው" አለ ዶክተሩ። ወረቀቱ ላይ "ኢንዶሜትሪዮይድ አዴኖካርሲኖማ፣ ግሬድ አንድ" ይል ነበር። ኢንዶሜትሪዮይድ ከሁሉ በብዛት የሚታየው ዓይነት መሆኑን፣ ግሬድ አንድ ማለት ደግሞ ሴሎቹ እንደ ጤነኛው ሽፋን ፈሳሽ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎችን መሥራት ገና አለመርሳታቸው መሆኑን ነገረን። ግሬድ ሦስት ሲሆን ይህን መልክ ያጣሉ። ሴረስ የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ትንሽ ሳለ ርቆ ሊሄድ ይችላል። "የእርስዎ ቀስ የሚለው ነው። አጥር መዝለል አለመዝለሉን የምናውቀው ግን ማሕፀኑ ወጥቶ ሲመረመር ነው።"

"ታዲያ ሳይዘል ከነሥሩ ንቀሉልኛ!" አለች እናቴ። "ስለ በቆሎ እስከ መቼ ታስተምረኛለህ?"

ዶክተሩ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

ቀዶ ጥገናው የሚደረገው አዲስ አበባ ስለሆነ የይለፉን ማመልከቻ እኔ ጻፍኩ። "የማሕፀን ካንሰር" ብዬ በግልጽ ጻፍኩ። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የበላዮቹ የሄደ ሰው አይመለስም ብለው ይቆጡት ነበርና "እማማ ከድጃ፣ በዚያው ወሎ ልትገቢ ነው አይደል?" አላት።

"ማሕፀኔን እዚያ ጥዬ የቀረውን ይዤልህ እመጣለሁ።"

ማኅተሙን መታ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። ማሕፀኗና እንቁላል የሚያፈሩት ሁለቱ ዕንቁልጢዎቿ ወጡ። ደም ያስፈልጋት ነበር፤ የእኔ ገጠመ። እንደገና ፓቶሎጂ። እንደገና መጠበቅ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሟ አልጋዋ ድረስ መጣች። ካንሰሩ ወደ ማሕፀኑ ጡንቻ ገብቷል፤ ግማሹ ድረስ ግን አልደረሰም። የማሕፀን በሩም ዕንቁልጢዎቹም ነፃ ናቸው። "ጨረር አያስፈልግሽም፤ በየሦስት ወሩ ክትትል ብቻ" አለቻት።

ወደ አሶሳ ስንመለስ መንገዱ በአውቶቡሱ ሁሉ ላይ አቧራ ሲያነሣ፣ እናቴ ትራሷን ሆዷ ላይ አቅፋ በየጉድጓዱ እያቃሰተችና ሹፌሩን እየመረቀች፣ ሹፌሩም ምርቃቱን ሲሰማ ፍጥነቱን እየቀነሰላት ደረስን። ሐዋ መምጣታችንን ሰምታ ባሚያና ማንጎ ይዛ መጣች፤ እናቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከራከር ተቀበለቻትና ከጎኗ አስቀምጣ ጠባሳዋን ገልጣ አሳየቻት። "አሁን ባል ፈልግ" አለቻት ሐዋ፤ እናቴ ስፌቷን በእጇ ደግፋ ሳቀች።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። እናቴ አለች። እኔ የነርስነት ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የጻፍኩት እንዳይሳሳት የካንሰሮቹን ስም ከደብተሬ ጋር አመሳክሬያለሁ። ሳያዋርድ የጠየቀንን ዶክተር፣ ከሁላችን ቀድማ እውነቱን የተናገረችውን ሐዋን፣ ማኅተሙን የመታውንም ሰው አመሰግናለሁ። እናታችሁን የምታስታምሙ ልጆች፣ እሷ ካፈረች እናንተ ተናገሩላት። ናሙና ተወስዶ ከሆነ ካንሰር ነው አይደለም ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ ዓይነቱን፣ ግሬዱን፣ የት እንደደረሰም ጠይቁ።

በመንደራችን አሁንም ደሟ ለተመለሰላት ሴት ገንፎ ይገነፋል። እናቴም ትጠራለች። ዘይቱን በእጇ ይዛ መጀመሪያ አጎንብሳ በሴትዮዋ ጆሮ "የቆመብሽ መቼ ነው?" ትላታለች። መልሱ ረሃቡ ከገባ በኋላ ከሆነ ዘይቱን አናቷ ላይ ጠብ ታደርጋለች። ባለፈው ክረምት ግን አንዷ "ከረሃቡ በፊት" አለቻት። እናቴ ዘይቱን መለሰችው፤ ነጠላዋን አንሥታም ሴትዮዋን ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ይዛት ሄደች።